ወደ ጋሽ ኢዶሳ ጆሮ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ኅዳር 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአብዱልናስር፣
ድሬዳዋ

አሰላሙ አለይኩም። ሙቀቱ እንዴት አድርጎዎታል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባባ ሰላም ይልዎታል፣ ታናሽ እህቴ ዘሙሩድ ሰላም ትልዎታለች፣ ጎረቤቱ በሙሉ ሰላም ይልዎታል።

እስከዚህ ያለውን እናቴ ከጎኔ ቆማ ነው ያስጻፈችኝ። «አንቱ በይው፣ አጎትሽ ነው» አለችኝ። አሁን ወጥ ልታማስል ስለገባች ወደ አንተ ልመለስ። ይቅርታህን፤ ከሱቃችን ጣራ ላይ ሱሪው ተቀዶ ሲወርድ ያየሁትን ሰው አንቱ ለማለት ብዕሬ እምቢ ይለኛል።

ስለጠየቅሁህ ድምፅ ማጉያ «ለማን ነው?» ላልከው ለጋሽ ኢዶሳ ነው። አዎ፣ አውቶቡስ ማዞሪያው ጋ ከግንቡ ሥር ቆሞ ማሲንቆ የሚመታው። ሞተ የተባለው ውሸት ነው፤ የሞተው ድምፁ ነው። ክረምቱን ጉሮሮውን አሞት ከርሞ ሲነሳ እንደ አሮጌ መዝጊያ የሚንቋቋ ድምፅ ይዞ ተነሳ። እሱስ ባልከፋ፣ ሰው ጠጋ ብሎ ይሰማው ነበር። ከመስከረም ወዲህ ግን ቀበሌያችን እዚያው ማዞሪያው ላይ ምሰሶ ተክሎ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ጥሩምባ ሰቀለበት። ጠዋት ማርሽ፣ ቀትር ላይ ማስታወቂያ፣ ማታ ያው የጠዋቱ ማርሽ። ከሥሩ ተቀምጦ እንቅልፍ የሚወስደው የአብዮት ጥበቃው ጋሽ ሀብተወልድ ብቻ ነው። እሱማ ጠመንጃውን ተደግፎ ሲያንኮራፋ ማርሹን ያስንቃል።

ጋሽ ኢዶሳ እንዴት እንደሚሠራ ላንተ አልነግርህም። ሰው ጆሮው ሥር ገብቶ የልቡን ይነግረዋል፣ እሱ በግጥም ጠቅልሎ ያወጣለታል። የጸጉር ቤቷን ልጅ በእሱ አፍ ስንት ቅዳሜ እንዳስለመንካት ሰፈሩ አልረሳም። አሁን ግን ግጥሙ ከአፉ ወጥቶ ክንድ ሳይሄድ ማርሹ ይውጠዋል። ለማይሰማ ግጥም ማን ልቡን ይሰጣል? ሰው ቀረበት። ባለፈው «እስከ ፋሲካ እንዲህ ከሆነ ማሲንቆዬን ሰቅዬ ቤቴ እቀመጣለሁ» አለኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም።

አንተ ስትጠግን የምትውል ሰው ነህ፤ ባቡሩም ወደ እናንተ የማያመጣው ዕቃ የለም ይባላል። አንድ ሽማግሌ በየቀኑ ተሸክሞት የእንጦጦን ዳገት የሚወጣው፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ፣ ድምፅ የሚያጎላ ነገር ምረጥልን።

የወንድምህ ልጅ
ከይሪያ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 22 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለከይሪያ ሳልህ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ የእናትሽም የአንቺም፣ ለየብቻቸው። ሱሪዬን የቀደደው ሚስማር ነው፣ ታሪክ አታበላሺ። በኅዳጉ ላይ ስለ ጋብቻ የጠየቅሽኝን እናትሽ እንዳስጻፈችሽ ስለገባኝ አልመልስም።

ቀበሌዎች የሚሰቅሉት ዓይነት ጥሩምባ እዚህም ይገኛል። ድምፁ ተራራ ይሻገራል፤ ከነመኪና ባትሪው የሚሸከመው ግን አህያ ነው። ኳስ ሜዳ የሚጮኹበት በእጅ የሚያዘው ደግሞ ቀላል ነው። ነገር ግን ማሲንቆ መቺ አንዱ እጁ አንገቱ ላይ ነው፣ ሌላው ደጋኑ ላይ። በጥርሱ ይንከሰው? ስለዚህ እኔው ልሥራው። የትንሽ ሬድዮ ድምፅ ማውጫ አለኝ፣ ከተበላሸ ቴፕ የተፈታ መናገሪያ አለኝ፤ በኮምፔንሳቶ ሣጥን አደርገዋለሁ፣ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል።

ያልቆረጥኩት መናገሪያው የት እንደሚሆን ነው፤ በብረት ማቆሚያ ላይ ይሁን? አንቺ ዓይን አለሽ፣ ሰውዬውን አየት አድርጊና ጻፊልኝ። ሊሸከም የሚችለውን ክብደትም ገምቺልኝ። አሁንም ግጥም የሚሰጠው ሰው አለ ወይ? ደግሞ እባክሽ በጋሽ ኢዶሳ አትቀልጂ። ከሰፈር ስወጣ የሰጠኝን ግጥም እስካሁን በሆዴ ይዤዋለሁ።

አብዱልናስር


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአብዱልናስር፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ ከብርዱ በቀር ማንም አልተጣላንም።

ክብደቱን ባልከው መሠረት ለካሁ። ከአባባ ሱቅ ሁለት ኪሎ ጨው በጆንያ አድርጌ ጋሽ ኢዶሳ ጀርባ ላይ አሰርኩና ወደ ቤቱ አብረን ወጣን። እስከ ደጁ ሳያርፍ ወጣው። በማግሥቱ ሦስት ሳደርገው ባህር ዛፎቹ ጋ ቁጭ ብሎ የዘመዶቹን ስም መጥራት ጀመረ። አባባ ስንወርድ አገኘንና «ጨዌ ተራራ ላይ ምን ይሠራል?» አለ። ለሳይንስ ነው አልኩት። ለሳይንስ ከሆነ ከቀበሌ እንድወስድ መከረኝ።

መናገሪያውን በብረት ማቆሚያ ላይ የሚለው ሐሳብህ አይሆንም። መጥረጊያችንን ግንቡ ሥር አቁሜ ሞከርኩ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ እትዬ ፀዳለ እግር ላይ ጣለው። ማሲንቆው ላይ ብናስረውም የጭራውን ሲርሲርታ እንጂ የሰውየውን ድምፅ አይወስድም። የቀረው አንገቱ ነው። በክር አንጠልጥሎ ደረቱ ላይ፣ እንደ ክታብ። ጋሽ ኢዶሳም ወዶታል፤ «እጄን ካልያዘ የፈለገው ይሁን» ነው ያለው።

«አሁንም ግጥም የሚሰጠው ሰው አለ ወይ?» ላልከው አንድ ሰው ቀርቷል፤ እሷው እትዬ ፀዳለ፣ ከላይ በኩል ያለችው ባለ ሽንኩርቷ። የውትድርና ምልመላው የወጣ ሰሞን ልጇ ገብረማርያም ለሥራ ጅማ ሄደ ተብሎ አልነበር? ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣና ጋሽ ኢዶሳ ጆሮ ሥር ረጅም ወሬ ታወራለች። እሱ ይዘፍናል፣ እሷ ዓይኗን ጠርጋ ትሄዳለች። በእኔ ጥርጣሬ ወዳዋለች። በዚህ ዕድሜያቸው! ባለፈው ያዘፈነችውን ስማ፦

ያቺ የተከልኳት አንድ ለእናቷ ችግኝ፣
ጋቢዬን አልብሷት እኔን ብርድ ያግኘኝ።

ለችግኝ ጋቢ የሚያለብስ የት አገር ነው? የቀበሌው ሊቀ መንበር አጠገቡ ደርሶ ሰማና አጨበጨበ። ለክረምቱ የችግኝ ተከላ ዘመቻ ይሆነናል አለ። እትዬ ፀዳለ ጠፍታ ሄደች፤ አፍራ መሰለኝ።

ሰላም ሁን፣ ሣጥኑንም አፍጥነው። ፋሲካ አይጠብቅም።

ከይሪያ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለከይሪያ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሣጥኑን ባቡር ላይ የሚሠራው ጀይላን ያመጣልሻል። ከነድንጋዩ ሁለት ኪሎ አይሞላም፤ የአባትሽን ጨው አመስግኚልኝ።

ሣጥኑን በጀርባው ይልበሰው፣ አፉ ወደ ኋላ ይዙር። መናገሪያውና ሣጥኑ ፊት ለፊት ከተያዩ ያፏጫሉ፤ እንደ ጣውንቶች ናቸው፣ መተያየት የለባቸውም። መናገሪያው ላይ የሕፃን ካልሲ አጥልቁበት፣ ንፋሱን ይከላከላል። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ትንሽ ይነሳል።

ማጥፊያው ሣጥኑ ላይ ነው። እጁ አጠገብ እንዲሆን አስቤ ሽቦ ሳስረዝምለት ሣጥኑ እንደ ንብ ያጉረመርም ጀመር፣ ክብደትም ጨመረ። ስለዚህ ተውኩት። ጠዋት አብርተውለት ማታ ቢያጠፉለት ምን ቸገረው? ቀኑን ሙሉ የሚሠራው መዝፈን ነው።

ስለ እትዬ ፀዳለ የጻፍሽውን አልወደድኩትም። ተያት።

አብዱልናስር


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጥር 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለሊቁ አጎቴ፣

እጅህ ይባረክ! ይህን የምለው እኔ ብቻ ሳልሆን ዳገቱ በሙሉ ነው።

ትናንት ቅዳሜ ተሞከረ። ሣጥኑን ጀርባው ላይ አሰርን፣ የዘሙሩድን የሕፃንነት ካልሲ አጠለቅን፣ አበራሁት። ጋሽ ኢዶሳ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ማሳል ነው። ማዞሪያው ሁሉ ዞረ። ጋሽ ሀብተወልድ ከእንቅልፉ ብድግ ብሎ ጠመንጃውን ይዞ ቀጥ አለ። ጋሽ ኢዶሳ ራሱ «ማነው እንዲህ የሚያስለው፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት» አለ፤ ያም ተሰማ።

ከዚያ ዘፈነ። ያ የሚንቋቋ ድምፁ በሣጥኑ ውስጥ ሲያልፍ አንድ ዓይነት ሙቀት አለው፣ ልገልጽልህ አልችልም። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ሸክማቸውን ግንቡ ላይ አሳርፈው ቆሙ። አውቶቡሱ ሞልቶ ሹፌሩ መንዳት ረሳ። ስለ አባባ ዘፈነ፣ ጨው ሲመዝን ጣቱን አብሮ ይመዝናል እያለ፤ አባባ ከሱቁ ወጥቶ ራሱ ሳቀ። ማርሹ ከላይ ይጮሃል፣ ማን ይስማው! ግጥም ሊሰጡ የመጡት ተሰለፉ። ጋሽ ኢዶሳ ማታ ስንፈታለት ፊቱ የሠላሳ ዓመት ሰው ይመስል ነበር። «ማሲንቆው አይሰቀልም» አለኝ።

አንዲት ነገር ልጨምርልህ፣ ትስቃለህ። ልብስ ሰፊው ጋሽ ጉተማ ተራው ደርሶ ጆሮው ሥር ገባና «የሚስቴ ሽሮ ቀጠነ፣ ስሟን ሳትጠራ ንካልኝ» አለው። መናገሪያው ለካ እዚያው ደረቱ ላይ ነቅቶ ኖሯል! ሽሮው በሣጥኑ በኩል ለማዞሪያው ሁሉ ታወጀ። ሚስቱ እንጀራ ልትገዛ ቆማ ነበር። ጋሽ ጉተማ እስካሁን ቤቱ መግባቱን አላረጋገጥንም።

ሰፈሩ ሰላም ይልሃል፣ ጋሽ ኢዶሳ ከሁሉ በፊት።

ከይሪያ


ድሬዳዋ፣ ጥር 26 ቀን 1978 ዓ.ም.

ከይሪያ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ። ደብዳቤሽን እያነበብኩ ስቄ ስቄ ጉተማ ጋ ስደርስ ብዕር አነሳሁ።

ይህን እንዳነበብሽ ወደ ጋሽ ኢዶሳ ሂጂ። ሰው ወደ ጆሮው ሲመጣ ሣጥኑ ይጥፋ። ራሱ ማጥፋት አይችልም፣ ማጥፊያው ጀርባው ላይ ነው፤ እንዲያ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ከኋላው ይቁምለት። ሰው ካልተገኘ ካልሲውን በጨርቅ ይጠቅልለው። እሱም ካልሆነ ሣጥኑ ቤት ይዋል።

ሁሉም እንደ ጉተማ ስለ ሽሮ አይደለም የሚነግረው። በተለይ አንዲቷ። እናትሽን ጠይቂ፣ ይገባታል።

አብዱልናስር


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የካቲት 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአብዱልናስር፣

ሰላም ነህ ወይ? እኛ ሰላም ነን። የጥር ሃያ ስድስቱ ደብዳቤህ ትናንት ማክሰኞ ደረሰ። አባባ ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ተሽሎታል። ዘሙሩድ በክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ከይሪያ


ድሬዳዋ፣ የካቲት 21 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለከይሪያ፣

ከዚህ በፊት ከአንቺ ስድስት መስመር ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም። ጀይላንን ጠየቅኩት። ጀምሮ ተወው፤ «ከራሷ ስማ» አለኝ። በፖስታ ለመጻፍ ከፈራሽ በእሱ እጅ ላኪው፣ ከኪሱ አያወጣውም።

ሣጥኑ ነው? እሱን ብቻ ንገሪኝ።

አብዱልናስር


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ መጋቢት 4 ቀን 1978 ዓ.ም.
በጀይላን እጅ

ለአጎቴ፣

ሣጥኑ ነው።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ነው የደረሰው ብዬሃለሁ። የሆነው ግን ሦስት ቀን ቀድሞ፣ ቅዳሜ ነው፣ የካቲት አንድ። ጥሩምባው ከቀትሩ ማስታወቂያ በኋላ ጋብ ብሏል፣ አውቶቡሱ ሞተሩን አጥፍቷል፣ ሰው ከግራም ከቀኝም ሞልቷል። እትዬ ፀዳለ እንደ ልማዷ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። ግጥም አይደለም የምትሰጠው፤ ነገሯን በቁሙ ነው የምትነግረው፣ ግጥሙን የሚያበጀው እሱ ነው። እንዲህ አለችው፦

«ገብረማርያምን ብርድ ሊገድለው ነው ጋሽ ኢዶሳ። እንጦጦ ወንድሜ ጎጆ እንደተደበቀ ነው፤ ጋቢ የምልክበት ሰው አጣሁ። በልልኝ እስቲ።»

እኔ ሱቃችን ደጃፍ ላይ ቆሜ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። አባባም ሰማ። እሷ የራሷን ድምፅ ከጋሽ ኢዶሳ ጀርባ ስትሰማ የምታሽሟጥጣት ሌላ ሴት መስላት ዞር ዞር አለች። ከዚያ ሣጥኑን አየችው።

ጋሽ ኢዶሳ ምንም አላወቀም። ጆሮው ውስጥ የእሷ አፍ ነበር፣ ሣጥኑ ደግሞ ወደ ኋላ ነው የሚናገረው። ዓይኑን ጨፍኖ የችግኟን ግጥም አወጣ። የዚያን ዕለት ችግኟ ማን እንደሆነች ያላወቀ አልነበረም። እሱ ሁልጊዜ ሰሙን አልብሶ ነበር የሚያወጣው፤ ሣጥኑ ቀድሞት ወርቁን ራቁቱን አወጣው።

ጋሽ ሀብተወልድ ነቅቶ ነበር። እንደ ክፉ ሰው እንዳታስበው። ወደ አባባ መጥቶ ቆመና «ጆሮዬ ሥር ብትነግረኝ አልሰማሁም እል ነበር» አለ። «አሁን ማዞሪያው ሁሉ ሲሰማ እኔ ብቻ እንዴት አልሰማም?» እሱም እየተጎተተ ወደ ቀበሌ ሄደ።

እትዬ ፀዳለ ዳገቱን በሩጫ ወጣች። የቀበሌ ሰዎች ግን በመኪና ነበሩ።

ገብረማርያምን ያየሁት ሲወርዱ ነው፣ ከመኪናው ላይ፣ ከመሃላቸው። ጺም አውጥቷል። ወደ ማሠልጠኛ ተወሰደ ነው የሚባለው፣ የትኛው እንደሆነ የነገራት የለም።

ወዳዋለች ብዬ ጽፌልህ ነበር። እናቴ ታውቅ ነበር፣ አባባ ያውቅ ነበር፣ አንተም ድሬዳዋ ሆነህ ገምተሃል። ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ ዝም ብሎ ነበር፤ የሚያስቀኝ እኔን ብቻ ነበር።

ከይሪያ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1978 ዓ.ም.
በጀይላን እጅ

ለአጎቴ ለአብዱልናስር፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው የምትለውን አልቀበልህም፤ አንተ ከአፉ ለሚወጣው ሠራህ፣ እኔ ለሚወጣው ለካሁ፣ እሱ የሚወጣውን ተመኘ። ወደ ጆሮው የሚገባውን ሦስታችንም አላሰብንም። አንተ እንኳ፣ ስንት ቅዳሜ እዚያ ጆሮ ሥር ያወራህ ሰው።

ለእጁ የሠራኸውን ማጥፊያ ግን አትላከው። ጋሽ ኢዶሳ ሣጥኑን ጠቅልሎ ሱቃችን አምጥቶ አስረክቦኛል። «አጎትሽን አመስግኚልኝ» ነው ያለው፣ ከልቡ።

ማሲንቆውን ሰቀለ ወይ ላልከው፣ አልሰቀለም። ፋሲካም ቢቃረብ በየቀኑ ይወርዳል። ያለ ሣጥን ከግንቡ ሥር ይቆማል፣ ማርሹ ከላይ ይጮህበታል። ግን ወደ ጆሮው የሚሄድ የለም። ሰው አልፎ ሲሄድ መናገሪያው አለ ወይ ብሎ መጀመሪያ የሚያየው አንገቱን ነው። ይህን ስላወቀ አንድ ሰው ጠጋ ያለ ሲመስለው ማሲንቆውን ብብቱ ውስጥ ያደርግና የካፖርቱን ኮሌታ ይከፍታል። ከዚያ የሸሚዙን ቁልፍ። ባዶ ደረቱን ያሳያል። ሰውየው አፍሮ ሌላ ነገር እያወራ ያልፋል። በዚህ ንፋስ ቀኑን ሙሉ ሲከፍት ሲዘጋ ይውላል። እንደ ድሮዬ ብሆን አንድ ነገር ብዬ አስቅህ ነበር።

ትናንት ቅዳሜ እትዬ ፀዳለ መጣች። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አልፋ አታውቅም፣ በታች በኩል ነበር የምትዞረው። ጋሽ ኢዶሳ ከሩቅ አያት። ማሲንቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ በፊት ሲያደርገው አላየሁም። ኮሌታውን ከፈተ፣ ቁልፎቹን ፈታ፣ እጁን ዘርግቶ ቆመ። እሷ እስከ አጠገቡ መጣች። ደረቱን አየችው። ወደ ጆሮው ጎንበስ ልትል ነው ብዬ ነበር።

«ዝጋው ጋሽ ኢዶሳ» አለችው፣ ሁላችንም እንድንሰማ አድርጋ። «ይበርድሃል።»

ከዚያ አንድ በአንድ ራሷ ቆለፈችለት። ግጥም ግን ሳትሰጠው ሄደች።

ሰላም ሁንልኝ፣
ከይሪያ